በባሕር ላይ ሳሉ የሚደረግ ጥገና

ሰው ዕቃው ሲሰበርበት አስቀድሞ ከሥራ ያሳርፈዋል፤ ከዚያም ይጠግነዋል። ማረሻ ቢሰበር በሬዎቹ ይፈታሉ፤ ጣሪያ ቢያፈስ ዝናሙ እስኪያባራ በጎረቤት ይጠለላሉ፤ አውቶቡስ ቢበላሽ ተሳፋሪው ወርዶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ዳሩ ግን የተሰበረው ነገር ከላዩ ለመውረድ የማይቻል ቢሆንስ? ተሸክሞን የሚሄደውን፣ ተሸክሞን በመሄድ ላይ ሳለ፣ በምን መንገድ እንጠግነዋለን? ጥያቄው ለባሕር ሰዎች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ የደጋ ሰው ለሆነው ለአብዛኛው አንባቢያችንም ሩቅ ሊሆንበት ይችላል። ይሁን እንጂ ትዳርም፣ ማኅበርም፣ የገዛ ኅሊናችንም ቢሆን «ቆይ፣ እስክጠግንህ ድረስ ልውረድ» የማንላቸው ናቸውና፣ ነገሩን ከራሱ ከባሕሩ ጀምረን ልንመረምረው ወደድን።

በጣና ሐይቅ የምናውቀው የደንገል ታንኳ ከውኃ በታች አንድም ቀዳዳ የለውም፤ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ባለቤቱ ወደ ዳር ጎትቶ ያደርቀዋል። ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ግን ሰዎች ራሳቸው አስበው የበሷቸው ቀዳዳዎች ከውኃው ልክ በታች አሏቸው። በአንዱ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውኃ ይገባል፤ በሌላው የመታጠቢያው እጣቢ ይወጣል። በየቀዳዳውም ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ይገጠማል። ይህ መግጠሚያ ከጥሩ ነሐስ ሲሠራ ረጅም ዘመን ያገለግላል። ዚንክ ከበዛበት ናስ ሲሠራ ግን ጨዋማው ውኃ ዚንኩን ቀስ በቀስ ይበላውና፣ የውጭ ቅርጹ ሳይለወጥ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሳሳ መዳብ ብቻ ይቀራል። በዓይን ሲያዩት ደኅና ነው፤ በእጅ ሲያዞሩት ይሰበራል። ሳይነካ ለዓመታት የኖረ ቫልቭም ይደርቅና በሚያስፈልግበት ሰዓት አልዘጋ ይላል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ መርከበኛ ምንም ሳይጎድል በየጊዜው እየከፈተና እየዘጋ ያፍታታዋል። ከውኃው ልክ አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ፣ 200 ሊትር የሚይዘውን በርሜል በአንድ ደቂቃ ገደማ ይሞላዋል። ጉዳዩ ምን ያህል ችኮላ እንዳለበት ከዚህ መገመት ይቻላል።

እንዲህ ያለ መግጠሚያ በባሕር መካከል ሲሰነጠቅ እጅ በመጀመሪያ የሚቸኩለው የተበላሸውን ነቅሎ ለመጣል ነው። መርከበኛው ግን ይህን እንዳያደርግ አስቀድሞ ተምሯል። ለምን ቢሉ፣ የተሰበረውም ቢሆን ከውኃው ጥቂቱን አግዶ ቆሟልና። ስለዚህ በየቀዳዳው አጠገብ በልኩ የተጠረበ፣ ጫፉ የሾለ የለስላሳ እንጨት ውታፍ በገመድ ታስሮ ይቀመጣል። ለስላሳ እንጨት የሚመረጠው ውኃ ሲጠጣ አብጦ ቀዳዳውን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። በገመድ መታሰሩ ደግሞ፣ ውኃው ከገባ በኋላ በጨለማና በድንጋጤ ውታፍ ፍለጋ መዞር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ነው። ፋታ ሲገኝ አንድ ዋናተኛ ከውጭ ጠልቆ ቀዳዳውን ይወትፋል፤ ከውስጥ ያለው ሰው አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ይገጥማል፤ የውጩ ውታፍ የሚነቀለው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜም ሸክሙን ሁሉ ወደ አንድ ጎን አዛውረው ጀልባዋን በማዘንበል የተጎዳውን ስፍራ ከውኃው በላይ ያወጡታል።

እንግዲህ የሞራሉ ጥያቄ የሚነሣው ከውታፉ ላይ ነው። ውታፍ ጥገና አይደለም፤ ቀዳዳው እንዳለ ነው፤ የተበላውም ናስ አልተለወጠም። ታዲያ በሰው ሕይወት ውስጥ እንዲህ ያለውን ጊዜያዊ መፍትሔ ምን እንበለው? እውነትን መሸፈን ነውን? ወይስ እውነቱን ለመጋፈጥ አቅም እስኪገኝ ድረስ በሕይወት መቆየት? ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይላሉ፤ ግማሽ መንገድ ግብዝነት ነው፣ የበሰበሰው ዛሬውኑ ከሥሩ ይነቀል ይላሉ። አረጋውያን ደግሞ ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ አንዳንዶቹም እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው ይቆያሉ። ሁለቱንም ወገን ለመፈረድ ከመቸኮል አንድ በእርግጥ የተፈጸመ ታሪክ ማየት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1770 ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ በካፒቴን ጄምስ ኩክ የምትመራው ኢንደቨር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወዲያ ከኮራል ዐለት ጋር ተጋጨችና ዐለቱ ላይ ተቀመጠች። ከ80 የሚበልጡ ሰዎች ተሳፍረውባት ነበር። መርከቧን ለማቅለል ስድስት መድፎችን ጨምሮ ከ40 እስከ 50 ቶን የሚደርስ ዕቃ ወደ ባሕር ተጣለ። ከአራቱ የውኃ መቅጃ ፓምፖች የሠሩት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። የማዕበሉ ከፍታ መርከቧን ሊያነሣት ሲቃረብም አዲስ ፍርሃት መጣ፤ የቀደዳት ዐለት እርሱ ራሱ ተሸክሟት ነበርና፣ ከላዩ ስትነሣ ወዲያው ልትሰጥም ትችላለች። ኩክ ግን ሁሉን ለዚያ ሙከራ አደረገ፤ ከ23 ሰዓት ያህል በኋላም መርከቧ ተንሳፈፈች፤ አልሰጠመችም፤ ነገር ግን ውኃው መግባቱን ቀጠለ።

በዚህን ጊዜ ጆናታን መንክሐውስ የተባለ ወጣት የመርከቡ ዕጩ መኮንን አንድ ዘዴ እንደሚያውቅ ተናገረ። ከዚያ በፊት ክፉኛ ውኃ በምታስገባ የንግድ መርከብ ተሳፍሮ ከቨርጂኒያ እስከ ለንደን በዚህ ዘዴ ተጉዞ ነበር። የአሮጌ ገመድ ጭረትና የበግ ጠጉር አብሮ ተከተፈ፤ በጭብጥ በጭብጡ በሸራ ላይ ተለጠፈ፤ የበግ በጠጥ ተቀባበት፤ ሸራውም በገመድ ከመርከቧ ሥር ተጎተተ። ቀዳዳው ጋ ሲደርስ፣ ወደ ውስጥ የሚጣደፈው ውኃ ራሱ ጠጉሩንና ጭረቱን ስቦ ስንጥቁን አስደፈነው። ሦስት ፓምፕ ያላሸነፈው ውኃ በአንድ ፓምፕ የሚቀዳ ሆነ። በኋላ መርከቧ ወደ ዳር ስትወጣ ሌላም ነገር ታየ፤ የኮራሉ ስባሪ በሠራው ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቶ ነበር፤ ያቆሰለው እርሱ ቁስሉን ወትፎ ኖሯል። ከዚህ «ክፉው ለበጎ ነው» የሚል ትምህርት ለማውጣት አንፈልግም፤ ዐለቱ ዐለት ነው። አንድ ሰው በጥድፊያ ያንን ስባሪ ነቅሎት ቢሆን ግን ምን ይከተል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ የምንለው ሸራው ከተሳበ በኋላ የሆነውን ነው። ኩክ ቀዳዳው ተደፈነ ብሎ ጉዞውን እንደ ቀድሞው አልቀጠለም። ጀልባዎች ልኮ መርከቧን የሚያስጠጋበት ወደብ አስፈለገ፤ ዛሬ ኢንደቨር ወንዝ ወደሚባለውና ኩክታውን ከተማ ወዳለበት ስፍራም አስገባት፤ በዚያም ሰባት ሳምንት ያህል ተቀመጠ። እንደ እኛ አስተያየት የውታፍ ሐቀኛነት የሚታወቀው በዚህ ነው። ያው ሸራ፣ ያው ጠጉር፣ መርከቧ ፊቷን ወደ ዳርቻ ስታዞር እውነተኛ ሥራ ይሆናል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ጥልቁ ስትቀጥል ግን ሐሰት ይሆናል። ውታፉ ምን እንደ ሆነ ሳይሆን መርከቧ ወዴት እንደምትሄድ ነው የሚጠየቀው።

ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። በአንድ ማኅበር የሣጥኑ ሒሳብ ጎደለ እንበል። አንዱ ተነሥቶ «ማኅበሩ ይፍረስ፤ ገንዘብ ያዡም በሕዝብ ፊት ይዋረድ» ይላል። ሌላው «ስማችን ይጠፋልና ነገሩ በሆዳችን ይቅር» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የሣጥኑ ቁልፍ ለጊዜው በሁለት ሰዎች እጅ እንዲሆንና ሒሳቡ በታወቀ ቀን እንዲመረመር ያሳስባል። የሁለቱ ሰዎች ቁልፍ ውታፍ ነው፤ ማንንም ጥፋተኛ አላደረገም፤ የጎደለውንም አልመለሰም። ነገር ግን ፍሳሹን አቁሟል፤ ፊቱንም ወደ ምርመራው ቀን አዙሯል። ያ ቀን መጥቶ ማንም ሳይጠይቅ ቢያልፍ፣ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ ቢያልፍ፣ ሦስተኛው ሰው ከሁለተኛው የሚለየው ነገር አይኖርም። የአገራችን ሽማግሌዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ደም የሚያፋስስ ጠብ ሲነሣ በመጀመሪያው ቀን ፍርድ አይሰጡም፤ ሁለቱም ወገኖች እንዳይነካኩ ዋስ ጠርተው ይለያዩና ቀጠሮ ይቆርጣሉ። ዋሱ ውታፉ ነው፤ ቀጠሮው ዳርቻው ነው። ዋስ ተጠርቶ ቀጠሮ ያልተቆረጠበት ሽምግልና አላየንም።

ውታፉን ከደፈኑ በኋላ ውኃውን መለካት ደግሞ ግድ ነው፤ እዚህም ላይ ኢንደቨር አንድ ነገር ታስተምረናለች። መርከቧ ከዐለቱ በተላቀቀችበት ሌሊት የውኃውን ጥልቀት የሚለካው ሰው በሌላ ተተካ። የመጀመሪያው ከውስጠኛው ወለል ጀምሮ ይለካ ነበር፤ ተተኪው ይህን ሳያውቅ ከውጭው ሳንቃ ጀምሮ ለካ። በሁለቱ መካከል ከ16 እስከ 18 ኢንች የሚደርስ ልዩነት ስለ ነበረ፣ ውኃው በጥቂት ጊዜ ውስጥ በድንገት የጨመረ መሰለ፤ ሰዎቹም ሁሉ ደነገጡ። ስሕተቱ ሲታወቅ ግን በአዲስ ጉልበት ወደ ፓምፑ ተመለሱ፤ እስከ ማለዳም ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው በለጠ። መለኪያው ከአንድ ቦታ ካልተነሣ መርከቧ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለች የሚያውቅ የለም። በትዳር ጠብም ይኸው ይታያል፤ ባልየው የሚቆጥረው ከትናንት ወዲህ ያለውን ነው፤ ሚስት የምትቆጥረው ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ነው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ቁጥር እውነት ሳለ አይገናኙም። አስታራቂ ሆኖ የሚሄድ ሰው ከምክሩ በፊት መለኪያው ከየት እንደሚጀምር ቢያስማማቸው መልካም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ፓምፑን ማን ይገፋል? በኢንደቨር ላይ መርከበኞቹ ብቻ አልገፉም፤ ካፒቴኑና መኮንኖቹም፣ ባለጸጋው የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ባንክስም ተራ ይዘው ገፍተዋል። ባንክስ በዚያ ጊዜ ከመርከበኞቹ አፍ አንዲት የስድብ ቃል እንዳልወጣች በመገረም ጽፏል። ውታፍ ያለ ፓምፕ አይቆምምና፣ ጊዜያዊ መፍትሔ ምንጊዜም የሚከፈል ዋጋ አለው፤ ዋጋው የሚከፈለው በሁሉም ነው ወይስ በአንድ ሰው ብቻ? በቤቷ የምትደበደብ ሴት ወደ ሽማግሌ ስትሄድ «ቻይው፤ ልጆችሽን አስቢ፤ ጊዜ ያበርደዋል» ተብላ ስትመለስ ብዙ ጊዜ ይታያል። መካሪዎቹ ውታፍ ያደረጉ ይመስላቸዋል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ይህ በቀዳዳው ላይ የሰው ገላ መወተፍ ነው። እርሷ ታግሣ ሳለ እርሱ ምንም አልተጠየቀም፤ ዋስ አልጠራም፤ ቀጠሮ አልተቆረጠለትም። ፍሳሹ የቆመ የሚመስለው ውኃው ሁሉ ወደ እርሷ ስለሚሄድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሕግም ይህን ያውቃል፤ በላቲን ሥርዓት የሕግ መጽሐፍ ቁጥር 1153፣ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የሕግ መጽሐፍም ቁጥር 864፣ የትዳር ጓደኛው የጋራ ኑሮውን ለባልንጀራው ወይም ለልጆቹ አደገኛ ቢያደርገው የተጎዳው ወገን ተለይቶ ለመኖር በቂ ምክንያት እንዳለው ይደነግጋል። የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ለሙሽሮች ስለ ትዳር ጽናት ሲያስተምሩ ይህንንም አብረው ቢያስታውቁ እንወዳለን።

«በመርከቧ ቆዩ» የሚል ቃል ከራሱ ከቅዱስ ጳውሎስ ተነግሮ የለምን? የሚለን ይኖራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የተጻፈውን በትክክል እናንብበው። ማዕበሉ በበረታ ጊዜ ሰዎቹ መርከቧ እንዳትፈርስ ዙሪያዋን በገመድ ጠፈሯት፤ ይህም በባሕር ላይ ሳሉ የተደረገ ጥገና ነው። ኋላም መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ አስመስለው ትንሿን ጀልባ አውርደው ሊያመልጡ ባሰቡ ጊዜ፣ እነዚህ ካልቀሩ ሌሎቹ ሊድኑ እንደማይችሉ ጳውሎስ ለመቶ አለቃው ነገረው። ልብ እንበል፤ እንዲቆዩ የተፈለጉት ሙያው ያላቸው፣ ሌላውን ጥለው ሊሄዱ ያሰቡት ናቸው እንጂ የተጎዱት አይደሉም። ቃሉ ኃላፊነት ለተሸከመው ነው የተነገረው። ደግሞም የዚያች መርከብ ፍጻሜ ምን ነበር? በማልታ ደሴት አጠገብ ተሰባበረች። 276ቱ ሰዎች ግን አንዳቸውም ሳይጠፉ፣ የሚዋኘው እየዋኘ፣ ሌላው በሳንቃና በስባሪ ላይ ሆኖ ወደ ምድር ደረሱ። ገመዱ መርከቧን አላዳነም፤ ሰዎቹን እስከ ዳርቻው አደረሰ። በገመድ የታሰረው ለሰዎቹ ሲባል እንደ ነበር ማንም አልዘነጋም።

እስካሁን ዳርቻ እንዳለ ቆጥረን ተናገርን። ዳርቻ የለም የሚል ፈላስፋም አለ። በቪየና የተወለደው ኦቶ ኖይራት (1882-1945) የሰውን ልጅ ዕውቀት በጥልቁ ባሕር ላይ ሳሉ መርከባቸውን ማደስ ግድ ከሆነባቸው መርከበኞች ጋር አመሳስሎታል፤ መርከቧን ወደ መጠገኛ ወደብ አውጥተው፣ ሁሉን በትነው፣ ከምርጥ ዕቃ እንደ አዲስ ለመሥራት ከቶ አይችሉም ይላል። ምሳሌውን እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ እናገኘዋለን፤ አሜሪካዊው ፈላስፋ ኩዋይንም በ1960 በታተመው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ስላኖረው በብዙዎች ዘንድ ታወቀ። ኖይራት ከእምነት ወገን አልነበረም፤ በብዙ ነገርም ከእርሱ እንለያለን። ምሳሌው ግን ለትዕቢታችን የሚበጅ ነው። «እኔ ሁሉን ከመሠረቱ አፍርሼ ንጹሕ አድርጌ እሠራለሁ» የሚል ሰው የቆመበትን ሳንቃ ረስቷል። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1940 የናዚ ሠራዊት ሆላንድን ሲይዝ ኖይራት ከስኬቨኒንገን ወደብ ወደ እንግሊዝ ያመለጠው በአንዲት የነፍስ ማዳኛ ጀልባ ነበር፤ ስሟም በሆላንድ ቋንቋ «የመርከበኛ ተስፋ» ማለት ነው። ስለ መርከብ የፈለሰፈ ሰው መርከብ ምን እንደ ሆነ በገላው አየ።

ታዲያ ኖይራት ልክ ነውን? ኩክ ዳርቻ አግኝቶ የለምን? የኢንደቨር ታሪክ ግን በዚያ ወንዝ ዳር አላበቃም። በወንዙ ዳር የተሠራው ሥራ መርከቧን ለጉዞ አበቃት፤ ውኃ ማስገባቷን ግን ጨርሳ አላቆመችም። እ.ኤ.አ. በ1770 መጨረሻ በዛሬዋ ጃካርታ፣ በያኔዋ ባታቪያ አጠገብ ባለችው ኦንረስት ደሴት ተገልብጣ ስትመረመር፣ ሁለት ሳንቃዎች በአንድ ስፍራ ተበልተው ለመበሳት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቀርቷቸው ተገኙ። በዚያ ሳንቃ ላይ ያን ሁሉ ባሕር አቋርጠው መጥተዋል። የወንዙ ዳር ጥገና ከሸራው ይልቅ የሚበልጥ ነበር፤ ነገር ግን እርሱም በተራው ውታፍ ኖሯል። እንግዲህ ኖይራትም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ኩክም ዳርቻ መፈለጉ ከንቱ አልነበረም። እያንዳንዱ ዳርቻ ከቀደመው ጠለቅ ያለውን ጉዳት አሳይቷል፤ ያልታየውንም ለሚቀጥለው ትቷል። በቤታችንም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ዕርቅ የገንዘቡ ነገር ይፈታል፤ የቃሉ ቁስል በሁለተኛው ይወጣል፤ ከልጅነት የመጣው ቅሬታ ምናልባት በአባት ቀብር ላይ ይገለጣል። በመጀመሪያው ቀን ሦስቱም ካልወጡ ብሎ የሚሟገት ሰው አንዱንም አያገኝ።

በባታቪያ ሳንቃዎቹ ተለወጡ፤ መርከቧ ዳነች። ሰዎቹን ግን በዚያ ከተማ ወባና ተቅማጥ ያዛቸው፤ ከዐለቱና ከባሕሩ የተረፉ ብዙዎች በዚያና ከዚያ በኋላ በነበረው ጉዞ ሞቱ። ሸራውን የሰፋው ጆናታን መንክሐውስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1771 በመርከቧ ላይ አረፈ፤ ሥጋውም ለባሕር ተሰጠ። ኢንደቨር በዚያው ዓመት በጁላይ ወር እንግሊዝ ገባች።